የድንገተኛ ክፍሉ ጭንቅንቅ መፍትሔው በየሠፈሩ ነው

አንድ ኅብረተሰብ ጤናውን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደተደራጀ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአንድ የትልቅ ከተማ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል በር ላይ አንድ ምሽት ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት ይበቃዋል። እዚያ የሚታየው የሆስፒታሉ ገመና ብቻ አይደለም። የየሠፈሩ፣ የየሥራ ቦታውና የየቤቱ ጉድለት ተጠራቅሞ በአንድ ኮሪደር የሚገናኝበት ስፍራ ነው።

ማናችንም የምናውቀውን ሁኔታ ለአብነት እንውሰድ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሕንፃ እርብራብ ላይ የወደቀ አንድ የቀን ሠራተኛ በቃሬዛ ይገባል። ዳሌው ተሰብሯል፤ ትንፋሹም አጥሯል። በሕይወቱና በሞቱ መካከል ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ነገር ግን ባዶ አልጋ የለም። አልጋዎቹን የያዙት እነማን ናቸው? በአንደኛው አልጋ ላይ ለሦስት ቀናት ተቅማጥ ይዞት የሰውነቱ ፈሳሽ ያለቀ ሕፃን ግሉኮስ ተተክሎለት ተኝቷል። በሁለተኛው ላይ የደም ግፊት እንዳለባቸው ከብዙ ዓመት በፊት ተነግሯቸው፣ ደኅና ነኝ ብለው ኪኒናቸውን ያቋረጡ አዛውንት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወድቀዋል። በሦስተኛው ላይ የስኳር በሽታ መድኃኒቷን ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ «አልቋል» የተባለች እናት ራሷን ስታ ትገኛለች። በአግዳሚው ወንበር ላይ ደግሞ ጉሮሮውን ያመመው ወጣት ተቀምጧል። እርሱ አልጋ አልያዘም፤ የተረኛውን ሐኪም ጊዜ ግን ይሻማል። ከሥራ ሲወጣ የተመላላሽ ሕክምናው በር ተዘግቶ ስላገኘው ክፍት ወደሆነው ብቸኛ በር መጣ።

ከአምስቱ መካከል በመነሻው የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ የነበረው የአንዱ የሠራተኛው ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ወደዚያ የደረሱት ለቤታቸው በሚቀርብ ቦታ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ባለመሠራቱ ነው። የሕፃኑ፣ የአዛውንቱና የእናቲቱ ሕመም በዚያች ሌሊት በእርግጥ ድንገተኛ ሆኗል። ከሳምንት፣ ከወር ወይም ከዓመት በፊት ግን ድንገተኛ አልነበረም። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ ድንገተኛ ክፍሎች መጨናነቅ በተነሣ ቁጥር ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። በዚህ አመለካከት መሠረት ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም፤ ለትንሹም ለትልቁም ወደ ሆስፒታል ይሮጣል፤ ስለዚህ መከልከል አለበት። ይህ አባባል በቅርብ ሲመረመር ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም። የታመመ ልጇን ታቅፋ ሌሊት የምትወጣ እናት የምታመዛዝነው የምታውቀውን ነው። በሠፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ኬሚካል እንደሌለው፣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ እንደሚላት፣ በመጨረሻም ወደ ሆስፒታል ሂጂ የሚል ወረቀት እንደሚሰጣት ከልምድ ካወቀች፣ ጉዞውን በአንድ ምዕራፍ ማሳጠሯ አለማወቅ ሳይሆን ስሌት ነው። ስሌቷን ለመለወጥ የሚቻለው በወቀሳ ሳይሆን የጤና ጣቢያውን ሁኔታ በመለወጥ ነው።

ሁለተኛው አመለካከት መፍትሔውን ሁሉ ከሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይፈልገዋል። ተጨማሪ አልጋ፣ ተጨማሪ ሕንፃ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ይላል። እነዚህ እንደሚያስፈልጉ አያጠያይቅም። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ማደግ የጀመረው በቅርቡ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ2010 ሲሆን፣ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተለየው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ባልዲ ማብዛት ጣሪያውን እንደማይጠግን ሁሉ፣ ሕመም እየከፋ ወደ ከተማው ማዕከል እስኪፈስ ተጠብቆ አልጋ ማብዛት ብቻውን የትም አያደርስም። አዲሱ አልጋ በተዘረጋ ማግሥት ይሞላል።

ድንገተኛ ክፍል በወረፋ የሚሠራ ክፍል አለመሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት የመለያ ዘዴ መሠረት ሕመምተኛ ገና ሲገባ በሕመሙ ክብደት ተመዝኖ ቀለም ይሰጠዋል። ቀይ የተባለው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማው በአፋጣኝ፣ ቢጫው ቀጥሎ፣ አረንጓዴው በመጨረሻ ይታያል። እንግዲህ ቀላል ሕመም ያለበት ሰው ለረዥም ሰዓታት የሚቀመጠው ባለሙያዎቹ ስለናቁት አይደለም። ይሁንና አረንጓዴዎቹ ሲበዙ ከመካከላቸው ቀዩን ለይቶ ለማውጣት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። በየሠፈሩ ሊታከሙ የሚችሉት ሰዎች በየሠፈሩ ባለመታከማቸው የሚጎዱት ከእርብራብ የወደቀውን ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ራሳቸውንም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

ሕክምናን ወደ ሕዝቡ መኖሪያ ማቅረብ የሚለው ሐሳብ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። አንዱ ሲያክም ሌላው እናቶችን ይከታተል፣ ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብትና መጸዳጃ ያስቆፍር ነበር። ከዚያ ቡድን የምንወስደው ትምህርት በሽታን ማከምና በሽታን መከላከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሳይሆኑ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች መሆናቸውን ነው።

ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 ዓ.ም. እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ሲጠባ፣ በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት በካዛኽስታን በአልማ አታ ከተማ የ134 መንግሥታትና የ67 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መልእክተኞች ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት የታወቀውን መግለጫ አወጡ። መግለጫው ጤና የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑን፣ የመጀመሪያው የሕክምና ደረጃ ሕዝብ ከሚኖርበትና ከሚሠራበት ቦታ በተቻለ መጠን መቅረብ እንዳለበት፣ ሕዝቡም የራሱን ጤና በማቀድና በማስፈጸም ረገድ መብትም ግዴታም እንዳለው አረጋገጠ።

በዚያ ዘመን በአገራችን በየገበሬ ማኅበሩ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ተመርጠው ለጥቂት ወራት ሠልጥነው ተሠማርተው ነበር። የልምድ አዋላጆችም ሠልጥነዋል። የሥራው ዓላማ ትክክለኛ ነበር። ሆኖም ወኪሎቹ ቋሚ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የመድኃኒት አቅርቦታቸውና ክትትላቸውም የተሟላ አልነበረም። ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት። ዛሬ ስለ ኅብረተሰብ አቀፍ ሕክምና ስንነጋገር ይህንን ድክመት ሳንሸፋፍን ማንሣት ይገባናል። በጎ ፈቃድ ብቻውን የጤና ድርጅትን ለረዥም ጊዜ ተሸክሞ ሊዘልቅ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ ስሕተት የተማረ ነው። ለአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑና የመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። ሥራቸው በጤና ኬላ ተቀምጦ መጠበቅ ሳይሆን ከቤት ወደ ቤት መዞር ነበር። በ2009 ለከተማው የተለየ ፕሮግራም ተነድፎ በከተማው ሥራ ላይ ነርሶች ተሠማሩ። ከ2010 በኋላ ደግሞ የገጠሮቹ ሠራተኞች ወባንና ተቅማጥን ብቻ ሳይሆን የሕፃናትን የሳንባ ምች ጭምር እዚያው በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ይህ አሐዝ ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ክትባት፣ አጎበር፣ መንገድ፣ ትምህርትና የተሻለ ምግብም ድርሻ አላቸው። ይሁንና ክትባቱን በየቤቱ ያደረሰው፣ አጎበሩን ያደለው፣ እናቲቱን ያስተማረው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ በአብዛኛው ቦርሳ አንግታ ጋራ ትወጣና ትወርድ የነበረች አንዲት ወጣት ሴት ናት።

በሠፈር የሚሠራው ሥራ ኮሪደሩን የሚያቃልለው እንዴት ነው?

ወደ ተነሣንበት ኮሪደር እንመለስና እያንዳንዱን ሕመምተኛ በየተራ እንመልከት።

ሕፃኑን በተመለከተ፤ ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በአብዛኛው ፈሳሽ በማሟጠጥ ነው። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በትንሽ በትንሹ ቢሰጠው፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ቢታከልበት፣ ጡት መጥባቱም ባይቋረጥ፣ አብዛኛው ሕፃን ግሉኮስ ሳይተከልለት ይድናል። ይህ መድኃኒት ርካሽ ነው። ዋናው ጥያቄ በሦስተኛው ቀን ሌሊት በሆስፒታል መኖሩ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሠፈር መገኘቱ ነው።

አዛውንቱን በተመለከተ፤ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰው ደኅና ነኝ እያለ ግፊቱ የአንጎሉን፣ የልቡንና የኩላሊቱን ደም ሥሮች ይጎዳል። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው፤ የሚገታውም ኪኒናውን በየቀኑ በመዋጥ ነው። ለመለኪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንዲት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ አገር አቅራቢያ በዌልስ፣ ግሊንኮሩግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር ይሠራ የነበረው ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት የነዋሪዎቹን ሁሉ የደም ግፊት በየተራ እየለካ፣ ያልመጣውን እየፈለገ፣ ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ይኸው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የታወቀ ጽሑፍ፣ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ ይበልጥ እየጠፋ እንደሚሄድ አመልክቷል። ቃሉ የተነገረው ስለ ሀብታም አገር ነው። ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

የስኳር ሕመምተኛዋን በተመለከተ፤ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ለሁለት ሳምንት መቋረጡ ራስን እስከመሳት ሊያደርስ እንደሚችል የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ጉድለቱ የእርሷ አይደለም። የአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ባዶ መሆን በወረቀት ላይ ሲታይ አነስተኛ የአስተዳደር ግድፈት ይመስላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል። የመጋዘን ጠባቂው ሥራ ከቀዶ ሐኪሙ ሥራ ያላነሰ ሕይወት አዳኝ መሆኑን ልንገነዘብ ይገባል።

ጉሮሮውን ያመመው ወጣት የሚያስፈልገው እስከ ምሽት ክፍት የሆነ ጤና ጣቢያና አሥር ደቂቃ የሚሰጠው ባለሙያ ነበር። ከሥራ በኋላ የሚታመም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ብቻ በሚከፈት በር ሊገለገል አይችልም።

ይህ አካሄድ ውጤት እንደሚያስገኝ ከሌሎች አገሮች ልምድም እናያለን። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1984 ለ120 ያህል ቤተሰብ አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ መድባ፣ ባለሙያዎቹ እዚያው በሠፈሩ እየኖሩ እንዲያገለግሉ አደረገች። ከኋላቸውም ላቦራቶሪና ልዩ ልዩ ባለሙያዎች ያሉባቸውን ፖሊክሊኒኮች አቆመች። ብራዚል በ1994 የቤተሰብ ጤና ፕሮግራም ስትጀምር በየቡድኑ ውስጥ ከሠፈሩ የተመለመሉ የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞችን አካተተች። ከዚያ በኋላ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በሠፈር ሕክምና ሊገቱ በሚችሉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ምክንያት በሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር ከሌሎቹ በሽታዎች በፈጠነ ሁኔታ ቀንሷል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን በሚል ተመሳሳይ አሠራር ተሞክሯል።

ደካማዎቹ አንጓዎች

ከዚህ በላይ የተመለከተው ሁሉ ትክክል ከሆነ ኮሪደሩ እስከ ዛሬ ለምን አልተቃለለም? ለዚህ መልስ መስጠት ሂስን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሸክም በዝቷል። የመጀመሪያዎቹ 16 የሥራ ዘርፎች እየተጨመሩ ሄደዋል። ከጤና ጋር ለማይገናኝ የቀበሌ ሥራም ትጠራለች። ሪፖርት ስትሞላ የምትውልበት ቀን ሕፃን የማታይበት ቀን ነው። ሪፖርቱ የተሟላ፣ ጤና ኬላው ግን የተቆለፈ ከሆነ፣ ሥራውን ሳይሆን የሥራውን ጥላ ስንቆጥር ከርመናል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታው ተለውጧል። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ዋናው ጠላት የሕፃናት በሽታ፣ ወባና የወሊድ ሞት ነበር። እነዚህ ዛሬም አልጠፉም። ከጎናቸው ግን የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የካንሰርና የአእምሮ ሕመሞች ቆመዋል። የትራፊክ አደጋም በየቀኑ ሰው ይቀጥፋል። ከ2020 እስከ 2035 (እ.ኤ.አ.) ሊሠራበት የተነደፈው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ፍኖተ ካርታ የጤና ኬላዎችን ደረጃ ከፍ የማድረግን ሐሳብ ያቀረበው ይህንን በመረዳት ነው።

ሦስተኛ፣ ከተማው ከገጠሩ የተለየ ባሕርይ አለው። የከተማ ሠራተኛ ቀን በቤቱ አይገኝም። የጋራ መኖሪያ ቤት በር የምታንኳኳው ነርስ የምታገኘው የተቆለፈ በር ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የከተማ የጤና ሥራ ሰዎች በእርግጥ በሚገኙበት ቦታ፣ ማለትም በፋብሪካ፣ በገበያ፣ በሕንፃ ሥራ ቦታ፣ በዕድር ስብሰባና በሰንበት ሊከናወን ይገባዋል።

አራተኛ፣ የቅብብሎሽ ሰንሰለቱ ላልቷል። በአገራችን አደረጃጀት መሠረት ሕክምና የሚጀምረው ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ከያዘው እርከን ነው። ቀጥሎ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል። ሕመምተኛው የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ መልስ ወደ ታች ካልተመለሰ፣ አዛውንቱ ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ሠፈራቸው ሲገቡ የሚከታተላቸው ሰው አይኖርም። ከሦስት ወር በኋላም በዚያው በር ዳግመኛ ይገባሉ።

ከእኛ የሚጠበቀው

የጎደለው መድኃኒት እንዲሟላ፣ የተቆለፈው በር እንዲከፈት፣ ባለሙያው እንዲበዛ ማድረግ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ይህንንም ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት የለብንም። ነገር ግን ጠያቂ ብቻ ሆኖ መቅረት አይበቃም። የተደራጀ ሠፈርና የተደራጀ የሥራ ቦታ ያለ ማንም ቀስቃሽ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ሥራዎች አሉ።

ዕድርን እንውሰድ። ሕዝባችን በራሱ ጥበብ ካቋቋማቸው ድርጅቶች መካከል እንደ ዕድር ጠንካራ፣ መዝገቡ የተስተካከለና ታማኝ የሆነ ጥቂት ነው። ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባል ሲቀር የሚቀጣበት ደንብ አለው። ይህ ሁሉ ኃይል የሚንቀሳቀሰው ግን በአብዛኛው አባሉ ከሞተ በኋላ ነው። ዕድሩ ለቀብር የሚያውለውን ጥንካሬ በከፊል ለሕይወት ቢያውለው ምን ሊሠራ እንደሚችል እናስብ። አንድ የደም ግፊት መለኪያ ገዝቶ በወርኃዊው ስብሰባ ዕለት ነርስ ጋብዞ አባላቱን በሙሉ ማስለካት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በአገሪቱ በተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ መክፈል ያልቻሉትን አባሎቹን መዋጮ መሸፈን ይችላል። በየመንደሩ ነፍሰ ጡር የሆነችው፣ አልጋ ላይ የዋለው፣ መድኃኒት ያቋረጠው ማን እንደሆነ ከዕድር ሰብሳቢ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አነጋገር የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሠራተኛው በበኩሉ ከእርብራብ የወደቀውን ጓዱን ማስታወስ አለበት። እርሱ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነበር ብለናል። ሆኖም የእርሱም አደጋ መነሻ አለው። የደኅንነት ቀበቶ ነበረውን? እርብራቡን የፈተሸው ነበርን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በሥራ ቦታም የደኅንነት ኮሚቴ እንዲኖር ያዝዛል። በወረቀት ላይ ያለ ኮሚቴ ማንንም ከመውደቅ አያድንም። ኮሚቴው ተሰብስቦ እንደሆነ፣ ምን ወስኖ ምን እንዳስፈጸመ የመጠየቅ መብትም ግዴታም የሠራተኛው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ሊሰመርበት ይገባል። ድንገተኛ ክፍሉን እናቃልል ስንል ማንም በእርግጥ የተቸገረ ሰው እንዲያመነታ ማለታችን አይደለም። እንዲህ ዓይነት ትርጉም የሚሰጥ ካለ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የሚከተሉትን የአደጋ ምልክቶች ሊያውቅ ይገባዋል። ሕፃን መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ የወሰደውን ሁሉ ሲያስታውክ፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ሲደክምና ሲፈዝ፤ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ደም ሲፈሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ሲጨልምባት ወይም ሲያንቀጠቅጣት፤ ጎልማሳ ሰው ፊቱ በአንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲተሳሰር፣ ደረቱን አጥብቆ ሲይዘው ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው፤ ማንኛውም ሰው ራሱን ሲስት ወይም ደሙ አልቆም ሲል፣ ጠዋት እስኪነጋ መጠበቅ የለም። የቀይ መስቀሉን አምቡላንስ በ907 መጥራት፣ ካልሆነም በተገኘው መጓጓዣ ወደ ሆስፒታል መገስገስ ነው። ለእነዚህ ምልክቶች ባለቤቶች የሆስፒታሉ አልጋ ነጻ ሆኖ እንዲጠብቃቸው ነው ሌላው ሥራ ሁሉ በየሠፈሩ መሠራት ያለበት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ሕዝባችን። የድንገተኛ ክፍል የተቀጣጠለ እሳት የሚጠፋበት ቦታ ነው፤ ቅጠሉ ያለው ግን በሠፈር ነው። ቅጠሉን ማንሣት ትልቅ ዐዋጅ አይጠይቅም። በመጪው የዕድር ወይም የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን በአጀንዳ ማስያዝ በቂ ጅምር ነው። በሠፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ በስንት ሰዓት ይዘጋል፤ የትኛውስ መድኃኒት ጎድሎታል? ከመካከላችን የደም ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ማነው? በዚህ ዓመት በሥራ ቦታችን ስንት ሰው ተጎዳ፤ ስለ ምንስ ተጎዳ? መልሶቹ ተመዝግበው በሚቀጥለው ስብሰባ ይመርመሩ፤ ጤና ጣቢያውን የሚመለከተው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የሥራ ቦታውን የሚመለከተው ለአሠሪው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ያልተመለሰውም እስኪመለስ ይጠየቅ።

ያን ጊዜ ከእርብራብ የወደቀው ሠራተኛ በቃሬዛ ሲገባ ባዶ አልጋ ያገኛል። ከዚያም አልፎ፣ ሥራችንን በሚገባ ከሠራን፣ ከመጀመሪያው አይወድቅም።